ታፍኖ ነው እንጂ አላረጀም

የሃርድ ዲስክ አምራቾች በሚያወጡት የቴክኒክ መግለጫ ውስጥ ማንም ልብ የማይለው አንድ መስመር አለ። ዲስኩ የሚሠራበት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው ይላል። በጫማ ሲለካ ድፍን 10,000 ስለሚሆን ነው ቁጥሩ እንዲህ የተሰባበረው። ከተማችን ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ የእኛ ቤት ኮምፒውተር ዕድሜውን የገፋው ከተፈቀደለት ጣሪያ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ለአባቴ ስነግረው፣ የጂኦግራፊ መምህር ነውና፣ ከልቡ ሳቀ። «እንግዲያማ ሳንቃበር ቢወጣ ሕገ ወጥ ነዋ!» አለኝ።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ዲስኩ ውስጥ ያለችው ማንበቢያ ጫፍ የሚሽከረከረውን ሳህን አትነካውም። ሳህኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሲዞር በሚያስነሳው ስስ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። በእሷና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ክፍተት ብዙ ሺህ ጊዜ ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ጫፏን የሚሸከማት ይጎድልና ወደ ሳህኑ ትጠጋለች። ከነካችው የተጻፈው ተፋቀ ማለት ነው። ከደባርቅ በላይ፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ ወደ 3,600 ይጠጋሉ። ላፕቶፑን በበቅሎ አስጭኖ ዋልያ ለማየት ይወጣ የነበረው ፈረንጅ ሁሉ ይህን ሳያውቅ ነው ማታ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ፎቶውን ሲገለብጥ የነበረው።

ኮምፒውተሩ ቤታችን የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አገር ምድሩ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት። አባቴ እስከዚያ ድረስ ፈተና የሚያዘጋጀው በእጁ ነበር። ስቴንስሉ ላይ በብረት ብዕር ይጭራል፣ ወረቀቱ በማባዣው ማሽን ተባዝቶ ሲመጣ ግማሹ ፊደል ተውጦ ይወጣል። ተማሪዎቹ በፈተና መሃል እጃቸውን እያወጡ «ቲቸር፣ ይኸ ‹ቆላ› ነው ወይስ ‹ቀላ›?» ይሉታል። በዚህ የተማረረ ሰው ነው እንግዲህ፣ ጎንደር አንድ ማሠልጠኛ አሮጌ ዕቃውን በርካሽ ሊያወጣ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ለቤት ክዳን ካስቀመጠው ብር ላይ ቆንጥሮ የሄደው።

ያኔ ከጎንደር ደባርቅ አስፋልት አልነበረም። መቶ ኪሎ ሜትሩ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። አባቴ ሞኒተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እኔ ሲፒዩውን፣ ማለት ቆርቆሮ ሳጥኑን፣ በእግሮቼ መሃል ይዤ ተቀመጥኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ረዳቱ «መምህር፣ ቴሌቪዥን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ «ኮምፒውተር ነው» ሲለው አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየን። ከዚያ እስከ ዳባት ድረስ ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ ሲያስረዳ መጣ። እሱም ቢሆን ገና በደንብ አያውቀውም ነበር።

ፔንቲየም ፎር ነው። ራሙ 256 ሜጋ ባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋ ባይት፣ ዊንዶውሱ ኤክስፒ። ዛሬ እጄ ላይ ያለው ስልክ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚያን ጊዜዋ ደባርቅ ግን ትልቅ ነገር ነበር። አባቴ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፈተና ይጽፋል። የጎረቤት ሠርግ ሲደርስ መጥሪያው የሚጻፈው እኛ ቤት ነው። የሰፈሩ እድር ደንብ እንኳ ተሻሽሎ የተጻፈው በእሱ ነው፤ ከቀብር የቀረ ስንት እንደሚቀጣ የሚለውን አንቀጽ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የሰፈር ልጆች ሳይሰሙ ብቻዬን ኢንካርታ የሚባለውን የኮምፒውተር ኢንሳይክሎፔዲያ እከፍትና ያላየሁትን አገር ሁሉ አያለሁ።

እናቴ ለኮምፒውተሩ ዳንቴል ሠራችለት። ለቴሌቪዥኑ እንደሠራችው ዓይነት፣ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለበት። ለሞኒተሩ አንድ፣ ለሲፒዩው አንድ። የሲፒዩው ዳንቴል ከኋላ ረዘም ይልና የፋኑን መውጫ ይሸፍነዋል። ያኔ ማናችንም ይህን ልብ አላልነውም። የደባርቅ ብርድ ለሰው ነው እንጂ ለማሽን ጥሩ ነው ብለን ነበር የምናስበው።

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ላይ ኮምፒውተሩ መጎተት ጀመረ። ነገሩን ያኔ ያባባሰው ወንድሜ ወንድምዓለም ነው። እሱ የስሜን ተራሮች ፓርክ አስጎብኚ ሆኖ መሥራት ጀምሮ ነበር። ከተራራ የሚወርዱ ቱሪስቶች የካሜራቸው ካርድ ሲሞላባቸው ይዟቸው እቤት ይመጣል፤ ፎቶውን ሲዲ ላይ ይገለብጥላቸዋል፣ እነሱም ጥቂት ብር ይሰጡታል። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ካሜራው ከእኛ ኮምፒውተር በብዙ ቀድሞ ሄዷል። አንድ ፎቶ ሲከፈት ምስሉ ከላይ ወደ ታች በትንሽ በትንሹ ይወርዳል። የጭላዳው ጎፈር ታይቶ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት እስኪደርስ አቦል ተጠጥቶ ያልቃል። ፈረንጆቹ ትዕግሥተኞች ነበሩ፣ ቡናውንም ይወዱታል። ወንድምዓለም ግን ያፍራል።

በከተማው መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ፎርማት። ኮምፒውተር ተጎተተ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። የፎርማት ሲዲ የያዘ ወጣት በየሰፈሩ አለ፤ ይመጣል፣ ሁሉንም ይጠርገዋል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ለአንድ ሳምንት ኮምፒውተሩ አዲስ ይመስላል። ከዚያ ፓወር ግዕዝ እንደገና ይጫናል፣ ጸረ ቫይረሱ ይጫናል፣ ከፍላሽ ቫይረሱ ተመልሶ ይገባል፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው አስመሳይ ያስቀምጣል። ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። በአንዱ ፎርማት የእህቴ የልደት ፎቶዎች ጠፉ፣ በሌላው የአባቴ የሁለት ዓመት ፈተናዎች። ፎርማት አሁንም የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ መሆኑ ያናድደኛል። በሽታው ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሳለ መዝገቡን አቃጥሎ መሄድ ምን ይሉታል?

አክስታችን ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ኮምፒውተሩ እንደ ተጎተተ በስልክ ሰምታ፣ አገር ቤት ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ፍሬ ራም ላከችልን። አባቴ በሣጥን ቆልፎ ካስቀመጠው በኋላ እሑድ ቀን ሁላችንም ተሰብስበን የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፈትነው። አልገባም። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ላይ ያለችው ጉብታና የራሙ ጎድጎዳ አይገጥሙም። ራም ትውልድ አለው፤ የእኛው ማስገቢያ የመጀመሪያው ዲዲአር ነው፣ የመጣልን ደግሞ ዲዲአር ቱ። የመጀመሪያው 184 እግር አለው፣ ሁለተኛው 240። ጎድጎዳውን ሆን ብለው ነው በተለያየ ቦታ ያደረጉት፤ ሰው በጉልበት አስገብቶ እንዳያቃጥለው። አባቴ ራሙን በነበረበት ወረቀት መልሶ ጠቀለለና መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። «የተላከ ነገር አይጣልም» አለ።

በበጋው ሲፒዩውን ይዘን ጎንደር ወረድን። ፒያሳ፣ ደረጃ ወጥቶ የሚገባበት ጠባብ የጥገና ክፍል ነው። ጥገናውን የሚሠራው ልጅ በዕድሜ ከወንድምዓለም ብዙ አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ የተከፈቱ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ እሱ ከጎኑ አንድ ቀለም መቀቢያ ብሩሽና አንድ ጠርሙስ አልኮል አስቀምጧል። የእኛን ከፈተና ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ አይታይም። የመንገድ አቧራና የባና ጭገር ተጋግሮበታል። ደባርቅ በብርዱ ምክንያት ባና የማይለበስበት፣ የማይነጠፍበት ቤት የለምና ጭገሩ ሁሉ በፋኑ ተስቦ ገብቷል። ከኋላ ደግሞ የእናቴ ዳንቴል ዘግቶታል።

«መምህር፣ ይኸ እኮ አላረጀም፤ ታፍኖ ነው» አለው ለአባቴ።

ከዚያ ያስረዳን ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ፔንቲየም ፎር ሲግል ራሱን ያዘገያል። እንዳይቃጠል ሥራውን በፈቃዱ ይቀንሳል፤ ጥፋቱን ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ሰው የሚያየው መጎተቱን ብቻ ነው። የእኛው ደግሞ ኢንቴል በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሬስኮት የሚባለው ዓይነት ነው፤ በሙቀቱ የሚታወቅ። ድርጅቱ ራሱ በዚያ መንገድ መቀጠል እንደማይችል አይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ኮር ቱ ዱዎ የዞረው ለዚህ ነው። አባቴ ወዲያው የራሱን ትምህርት አስገባበት። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ነው። ብርዱ ያካክሰዋል እንጂ፣ ዳንቴልና ጭገር ሲጨመርበትማ ማን ይችላል? ልጁ በጣም ገረመውና «ይኸን እኔም አላሰብኩትም» አለ።

በብሩሽ ጠረገው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ፔስት በአልኮል አጥቦ አዲስ ቀባበት። ፋኑን ፈቶ ዘይት ጠብ አደረገበት። ስንከፍተው በግልጽ ተሻለ፣ ግን አልፈጠነም። ያኔ ልጁ ሳጥኑ ፊት ላይ የምትበራውን ቀይ መብራት አሳየን። አንድ ፎቶ ሲከፍት መብራቷ ሳትጠፋ ትበራለች። «ይቺ ካላረፈች ራም አልበቃውም ማለት ነው» አለ። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ይወስደዋል፣ በፈለገው ጊዜ ተመልሶ ይሄድለታል። ከራም አንድ ነገር ለማንሳት በናኖሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ይበቃል፤ ከሚሽከረከር ዲስክ ለማምጣት ግን አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ነው።

ማታ ቤት ስንመለስ አባቴ ይህንኑ ለእናቴ ሊያስረዳት ቁጥሩን ደረደረላት። እሷ ገና ሳይጨርስ ቆረጠችው። «ሞሰቡ ጠቦት ለአንድ ለአንድ እንጀራ ጓዳ እየተመላለሰ ነው በሉኛ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ራም ለማስረዳት ሌላ አባባል ፈልጌ አላውቅም።

ልጁ ከሌላ አሮጌ ሳጥን የነቀለውን 512 ሜጋ ባይት ራም በአንድ ጥሩ በግ ዋጋ ሸጠልን። ከመግጠሙ በፊት የወርቅማውን ጠርዝ በእርሳስ ላጲስ ፈገፈገው። ይህን ዘዴ ዛሬም እሠራበታለሁ፤ የማይነሳ ኮምፒውተር በላጲስ ሲነሳ ያየ ሰው ድግምት ይመስለዋል። ገጥሞ ከፈተው፤ 768 ሆነ። የወንድምዓለምን ሲዲ አስገብተን ፎቶ ከፈትን። ጭላዳው ከነምልክቱ በአንዴ ወጣ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ አረፈች።

ከሁለቱ የትኛው ነው ያዳነው ብባል ራሙ ነው እላለሁ፤ አቧራውን ግን መጀመሪያ ባናነሳ ኖሮ ራሙም በከንቱ ነበር። ፕሮሰሰሩን ማንም አልቀየረውም። ይህን የምለው ዛሬም መርካቶም ሆነ ፒያሳ ላፕቶፕ ሊገዛ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮር አይ ስንት ነው?» ብሎ ስለሆነ ነው። ሻጩም የሚመልሰው ያንኑ ነው። ራሙና ዲስኩ በመጨረሻ ይነሳሉ፣ አንዳንዴም አይነሱም። ሰው በውድ ዋጋ ፈጣን ፕሮሰሰር ይገዛና ከሚሽከረከር ዲስክና ከትንሽ ራም ጋር አጣብቆት «ኮምፒውተሬ ይጎተታል» ይላል።

የመብራቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ያ ጊዜ መብራት በፈረቃ የነበረበት ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቹ ውኃ አንሷቸው አገሩ ሁሉ በተራ ይጠፋበት ነበር። ደባርቅ ላይ ሲመጣ ሌሊት ይመጣል። አባቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ጋቢውን ደርቦ ፈተና ይጽፋል፤ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ድመታችን ከሲፒዩው ላይ አትወርድም፤ እሷም እኛም የምንሞቀው በፕሬስኮት ነበር። መብራቱ ሲመጣ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ይመታል። ስቴብላይዘር ያልገዛ ሰው ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። እኛ ሁለቱንም ገዛን። ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው፣ ሲመረቅ አባቴ ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅሎ የስሜን ወንዞች ወደ ተከዜ እንደሚፈሱ አሳየ። «የእኛው ዝናብ ነው ዞሮ አምፖል ሆኖ የመጣው» አላቸው ተማሪዎቹን። ፈረቃው ቆመ፣ መጥፋቱ ግን ዛሬም አለ።

በ2006 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መደገፍ አቆመ፤ መጋቢት 30 ነው ቀኑ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ክረምት ስመጣ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን በአሮጌ ኮር ቱ ዱዎ ቀየርኩት። ማስገቢያው ዲዲአር ቱ ነው። አባቴ ምንም ሳይናገር ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተና የቨርጂኒያውን ራም በወረቀቱ እንደተጠቀለለ አመጣው። ያለ አንዳች ችግር ገባ። አክስቴ ይህን ስትሰማ በስልክ እልል አለች።

በኤክስፒ ፋንታ ከጫንኩት ከዊንዶውስ ሰቨን ጋር የመጣው ራስ ምታት ሌላ ነበር። የአባቴ ፈተናዎች ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ሆኑ። የድሮዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ለየፊደሉ የራሱን ቦታ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ግዕዝን የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ከቪስታ ጋር ነው። ፎንቱን ኒያላ አሉት፣ በባሌዋ ደጋ አጋዘን ስም። ወንድምዓለም ይህን ሰምቶ «ዋልያ እያለ?» ብሎ ተቀየመ፤ የስሜን ሰው ነውና አልፈረድኩበትም። ፓወር ግዕዝን መልሰን ስንጭን ፈተናዎቹ ተመለሱ። አባቴ ግን አላረፈም፤ ክረምቱን በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ ገለበጣቸው። ከሁሉም ማሻሻያ ዘላቂው እሱ የሠራው ይመስለኛል። ሃርድዌሩ ተራ በተራ ተጥሏል፤ እነዚያ ፈተናዎች ግን ዛሬ በየትኛውም ስልክ ይከፈታሉ።

በ2010 ዓ.ም. ኤስኤስዲ የሚባለውን ዓይነት አንድ ትንሽ ዲስክ ገዝቼ ወደ ደባርቅ ሄድኩ። የሚሽከረከር ሳህን የለውም፣ የሚንሳፈፍ ጫፍ የለውም፣ አየር አይፈልግም። ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መነሳት ወደ ሃያ ሰከንድ ወረደ። በዚያ ሳጥን ላይ ካደረግነው ሁሉ እንዲህ ያለ ለውጥ አላየሁም፤ አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛም ከዚህ በላይ አይሰማም ነበር። አባቴ በእጁ መዘነው። ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይከብድም። የ3,048ቱ ነገር ትዝ አለውና «አሁንስ ራስ ዳሽን ቢወጣም ነፃ ነው» አለ።

ራስ ዳሽን አልወጣም። የወጣው በሌላ መንገድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት በአዲአርቃይና በዛሪማ በኩል ወደ ሊማሊሞ ተጠጋ። ከዚያ የተፈናቀለው ሰው ደባርቅንና ዳባትን ሞላ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። በነሐሴ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ የደረሰውን እልቂት አገር ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አልተርከውም። ቤተሰቤ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎንደር ለመውረድ ሲወስን እኔ እቤት ነበርኩ። እናቴ ዳቦና በሶ ትቋጥራለች። አባቴ የቤቱን ካርታ፣ የልጆቹን የምስክር ወረቀት በፌስታል ጠቀለለ። ከበሩ ሲደርስ ዞሮ «ያችን ዲስክ ነቅለሻታል?» አለኝ። ጠመንጃ መፍቻው ቀድሞ እጄ ላይ ነበር። ሁለት ቡሎን ነው፤ ኬብሉን ሳብ፣ በቃ። የእድሩ ደንብ፣ ፈተናዎቹ፣ የሟች አያቴ ፎቶ፣ የወንድምዓለም የአሥር ዓመት ጭላዳና ዋልያ ሁሉ በአንድ የልብስ ኪስ ገብቶ ወረደ። ሳጥኑን ከነዳንቴሉ ጠረጴዛው ላይ ትተነው ሄድን።

ተመልሰን ስንመጣ እንደነበረ አገኘነው። ዲስኩን መልሼ አሰርኩት፣ ተነሳ። የእኛ ዕድል ነው ይህ፤ ሳይመለሱ የቀሩ፣ ተመልሰውም ምንም ያላገኙ ብዙ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ሳጥን አንድ ጊዜ ደግሞ ተፈላጊ ሆነ። ስልካቸው ውስጥ ያለው ሁሉ ከኢንተርኔት የሚመጣ የነበረ ወጣቶች የመማሪያ መጽሐፍ ፍለጋ መጡ። አባቴ ባለፉት ዓመታት መጽሐፎቹን ያለ ማንም ትእዛዝ ዲስኩ ላይ ሰብስቧቸው ነበር። በፍላሽ እየገለበጡ ወሰዱ። አሮጌ ኮር ቱ ዱዎ፣ አራት ጊጋ ባይት ራም፣ ትንሽ ኤስኤስዲ፤ ለዚህ ሥራ ምን ጎደለው?

አሁን ደግሞ ሌላ ዙር መጥቷል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተገዛ ብዙ ጤናማ ማሽን በደንቡ አያልፍም። አዲስ አበባ ያሉ መሥሪያ ቤቶች አሮጌዎቹን ሲያወጡ፣ አንዳንዶቹ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ይልካሉ። ጥሩ ነገር ነው። ሊነክስ ተጭኖባቸው ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ እኔም ጭኜ አይቻለሁ።

ነገር ግን ወደ እኛ አካባቢ በልገሳ የመጡ ሳጥኖች ሲከፈቱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቆርቆሮው አለ፣ ማዘርቦርዱ አለ፣ ፕሮሰሰሩ አለ። ዲስኩ የለም፣ ራሙም የለም። ማስገቢያዎቹ ባዶ ናቸው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ምናልባት ላኪው፣ ምናልባት በመንገድ ላይ ያለ ሰው። ትምህርት ቤቱ ራም የሚገዛበት በጀት የለውም፤ ሳጥኖቹ ግድግዳ ተደግፈው ቁጥር ብቻ ሆነው በንብረት መዝገብ ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር የተቀመጠባችሁ ሁሉ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ከመላካችሁ በፊት ክፈቱትና አቧራውን ጥረጉት። ዲስኩ ውስጥ ያለው ምስጢር ካሳሰባችሁ አጥፍታችሁ ላኩት፤ ካልሆነም ዲስኩን ብቻ አስቀሩ። ራሙን ግን አትንቀሉበት።